የዝግ ክፍል ምልክት

ሦስት ሆነን ነበር የምንቀመጠው። መሐል ዳኛዋ፣ በቀኟ ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር፣ በግራዋ እኔ። ሕጉ ከሦስቱ አንዱ ሕግ ያልተማረ፣ በሰፈሩ የሚታወቅ፣ ክስ የሌለበት ሰው ይሁን ይላል። እኔን መረጡኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ወባ መከላከያ ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ረጪ፣ ኋላ የረጪዎች አለቃ። ሰፈር ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ጥቂት ነው። ወባው ነው የሚሉኝ። ልጆች ሳሉ ከፓምፔ ይሸሹ የነበሩት ዛሬ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሲያልፉ "ወባው፣ እንዴት ዋሉ?" ይሉኛል። ለምጄዋለሁ።

የምንሰበሰብበት ክፍል ድሮ የመሬት መዝገብ የሚቀመጥበት ነው። መደርደሪያዎቹ ተነቅለው ግድግዳው ላይ የቡሎን ቀዳዳ ቀርቷል። ያለው አንድ መስኮት ነው፤ የአውቶቡስ ጋራዥ ያሳያል። አውቶቡስ ሲነሳ ዳኛዋ እጇን ታነሳለች፤ የሚናገረው ሰው አፉን እንደከፈተ ይጠብቃል። ድምፁ ሲያልፍ እጇን ታወርዳለች።

ሕጉ አጭር ነው። ከለውጡ በፊት ለፖለቲካ ዓላማ ወንጀል የሠራ ሰው ምሕረት ይጠይቃል። እኛ ሦስት ነገር እናጣራለን። ማን አዘዘህ፣ ዓላማው ምን ነበር፣ ለራስህ ምን አገኘህ። ወረቀት የበተነ፣ የስልክ ምሰሶ የጣለ ቀላል ነው፤ በግማሽ ቀን አሥሩን እንጨርሳለን። የሚያስቸግረው ደም ያለበት ነው። ደም ያለበት ሁሉ ዓላማ ነበረኝ ይላል። አንዱ የአማቱን ቤት አቃጥሎ ለጭቁኑ ሕዝብ ብዬ ነው አለን። ዳኛዋ "አማትህ ባለመሬት ነበሩ?" ስትለው፣

"የለም፣ ባለምላስ ነበሩ" አለ።

መምህሩ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን የምጽፈው ጉዳይ የመጣው በአምስተኛው ወር ነው። አመልካቹ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ነው። ሰው የገደለው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ታስሯል። ፀጉሩ ከፊት በኩል ሸብቷል። እስር ቤት ውስጥ ብስክሌት ነው የሚሉት፤ ያመጣው ወታደር ራሱ "ብስክሌት፣ እዚህ ተቀመጥ" ብሎ ካቴናውን ፈታለት። እንደዚያ የሚሉት ሰው ገድሎ ብስክሌት ወስዷል ተብሎ ስለተፈረደበት ነው። የድሮው ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው፤ ውንብድና።

ሟቹ የወባ ረጪ ነበር። ዳኛዋ መዝገቡን ገለጥ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

"ያውቁታል?"

"አለቃው ነበርኩ። ዝምድና የለንም።"

እውነቴን ነው። በዚያ ዓመት ለአንድ ወቅት የተቀጠሩ አርባ ረጪዎች ነበሩኝ። ሁሉም ጭምብል ያደርጋሉ፣ ሁሉም ፓምፕ ይሸከማሉ፤ የምለያቸው በአካሄዳቸው ነው። ይሄኛው ቀጭን፣ ፈጣን፣ የራሱ ብስክሌት ያለው ሰው ነበር። አንድ ቀን ሳይመጣ ቀረ። በማግስቱ ሌባ ገደለው ተባለ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ ከዚያ በቦታው ሌላ ሰው ቀጠርኩ። ዳኛዋ ያልኩትን አስመዝግባ ቀጠለች።

አመልካቹ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

"የድርጅቱ ሕዋሳችን ሰባት ሰው ነበር" አለ። "ሦስት ቤት ነበረን። የሚፈለጉ ሰዎቻችንን የምንደብቀው እዚያ ነው፤ አንዱን ክፍል ከውጭ ቆልፈን። እሱ ሊረጭ ይመጣል። ሌላውን እንከፍትለታለን። የተቆለፈውን ቁልፉ ጠፍቷል እንለዋለን። አይከራከርም። ሲወጣ በጠመኔ የመንገዱ በር ላይ ክብ ይስላል። የመጀመሪያው ቤት ላይ ክብ በሳለ በስምንተኛው ቀን ወታደር መጣ። ሁለተኛው ቤት ላይ ሳለ፤ በአሥረኛው ቀን መጡ። ሁለቱም ጊዜ በቀጥታ ወደ ተቆለፈው ክፍል ነው የሄዱት። አምስት ሰው ወሰዱብን። አንድም አልተመለሰ።"

"ሦስተኛውስ?" አለች ዳኛዋ።

"ሦስተኛው ቤት ላይ ሲስል በመስኮት ያየሁት እኔ ነኝ። ሰዎቹን አወጣንና ላለቃችን ነገርኩት። 'ይሄ ሰውዬ እየረጨ አይደለም፣ እየቆጠረን ነው' አለ። እንድገድለው አዘዘኝ።"

"አለቃችሁ ማነው?"

"አጎቴ እንለው ነበር። የሥጋ አይደለም፤ የትግል ስሙ ነው።"

"የት አለ?"

"ለውጡ ሊመጣ ሦስት ወር ሲቀረው ሞተ።"

"ከሕዋሱ የተረፈ ሌላ ሰው?"

"እኔ ብቻ ነኝ።"

"ሙት ጥሩ ምስክር ነው" አለ መምህሩ ቀና ሳይል። "አይከራከርም።"

ዳኛዋ የሦስቱን ቤቶች ቁጥር ጠየቀችው። አንድ በአንድ ነገራት፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ገባ። ከዚያ ስለ ግድያው እንዲናገር ነገረችው። ከድልድዩ ማዶ ጠበቅሁት አለ። ሰዓት ስንት ነው ብሎ አስቆመው። ሰውዬው አንድ እግሩን መሬት አድርጎ ሰዓቱን ሊያይ እጅጌውን ሰበሰበ። ሁለት ጊዜ ተኮሰበት።

አውቶቡስ ተነሳ። ዳኛዋ እጇን አነሳች። ሁላችንም ጠበቅን።

"ብስክሌቱን ለምን ወሰድክ?" አለው መምህሩ ድምፁ ሲያልፍ።

"የሌባ ሥራ እንዲመስል ተብዬ ነው። ወስደህ ወንዝ ጣለው ነው የተባልኩት።"

"ጣልከው?"

"አልጣልኩትም። እህቴ ቤት አስቀመጥኩት። የተያዝኩት በሱ ነው።"

"ጣለው ተብለህ ለምን አልጣልከውም?"

አመልካቹ እጁን አየ።

"አዲስ ነበር" አለ። "አሳዘነኝ።"

"ሰውዬውስ?"

እጁን ማየቱን ቀጠለ። መምህሩም አልደገመለትም፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ዳኛዋ የፖለቲካ ነበር የምትለውን በመጀመሪያው ችሎት ለምን አልተናገርክም አለችው።

"ያኔ ድርጅቱ ነው ያዘዘኝ ብል በማግስቱ ይረሽኑኝ ነበር። ሌባ ነኝ አልኩ። ሌባ ዕድሜ ልክ ነው። ዕድሜ ልክ ደግሞ፣ እንግዲህ እንደምታዩኝ ነው።"

ከዚያ የሟቹ ሚስት ተጠራች። አርባ ሊሆናት ትንሽ ነው የቀራት፤ የተማሪ ልብስ የሚሰፋበት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ከሥራ ቀጥታ መምጣቷ ነው መሰለኝ ደረቷ ላይ የተሰካ መርፌ ነበር፤ ክሩ ሰማያዊ ነው። ለመቀመጥ ፈቃደኛ አልሆነችም።

"የሚለውን ሰምቻለሁ" አለች። "ይፈታ አይፈታ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ለእኔ እስር ቤት ኖረ፣ ውጭ ኖረ፣ ባሌ አይመጣም። ያመጣኝ ሌላ ነው። ሌባ ገደለው አሉኝ፤ አልቅሼ ተቀበልኩ። ለልጄም የነገርኳት እሱን ነው። አሁን ይሄ ሰው ባልሽ ጆሮ ጠቢ ነበር እያለኝ ነው። እናንተ ምሕረት ከሰጣችሁት አመናችሁት ማለት ነው። ማኅተም ታደርጉበታላችሁ።"

"እመቤት፣ ምሕረት መስጠት ሟቹ ጥፋተኛ ነበሩ ማለት አይደለም" አለች ዳኛዋ።

"ለእርስዎ አይደለም። ለሰፈሩ ግን ነው። ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ የምትሰማውን እርስዎ አይሰሙም።" ወደ በሩ ዞረችና "ሌባ የገደለው ሰው ሚስት ብሆን ይሻለኛል" አለች። "እሱን ለምጄዋለሁ።"

አመልካቹን አንድ ጊዜም ሳታየው ወጣች።

ከምሳ በፊት ሦስታችን ብቻችንን ቀረን። መምህሩ ሐሳቡን ለመናገር አልዘገየም።

"እኔ አልሰጥም። ክቡ፣ ወታደሩ፣ አጎቴ የሚሉት ሰውዬ፣ ይሄ ሁሉ እስር ቤት የተቦካ ነው። እዚያ ውስጥ ከውጭ የበለጠ ጠበቃ አለ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሌባ ነኝ ያለ ሰው ሕጉ ሲወጣ ታጋይ ሆነ። ብስክሌቱ ደግሞ ይኸው። ብስክሌት ያሳዘነው ሰው ዓላማ ነበረው ብዬ አልፈርምም።"

"እኔ ወደ መስጠቱ አደላለሁ" አለች ዳኛዋ። "ቤቶቹ መፈተሻቸውን ሌላ መዝገብ ላይ አይቻለሁ፤ ልክ ነው። ግን መፈተሻቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከክቡ ጋር የሚያገናኘው የእሱ ቃል ብቻ ነው።" ወደ እኔ ዞረች። "እንግዲህ በእርስዎ እጅ ነው።"

"ከምሳ በኋላ" አልኩ።

ቤቴ ከዚያ ስምንት ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ።

ክቡን የማውቀው እኔ ነኝ። መመሪያው ላይ የለም። መመሪያው የሚለው፣ ያልተረጨ ክፍል ሲኖር ረጪው ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ ሁለተኛው ዙር ደብተሩን ይዞ ይመለስ ነው። በዚያ ዓመት ግን ለሁለተኛው ዙር የተመደቡልኝ ሰዎች ግማሾቹ ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩ። ደብተሩን ብሰጣቸው ገልብጠው ነው የሚይዙት። አንድ ሰኞ ጠዋት ረጪዎቹን ግቢ ውስጥ አሰለፍኩ። ጠመኔ አንስቼ የመድኃኒት መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ክብ ሳልኩ። "ዝግ ክፍል ያለበት ቤት ሁሉ የመንገዱ በር ላይ ይህን ትስላላችሁ" አልኩ። "ትልቅ አድርጋችሁ። ከመንገድ እንዲታይ።" ሁለት ሁለት ጠመኔ አደልኳቸው። አንዱ "አለቃ፣ ፀሐይ ነው ጨረቃ?" ብሎ አሳቃቸው። ያ ሟቹ ይሁን ሌላ፣ አላስታውስም።

በዚያ ዓመት ክፍሉን የማይከፍት ሰው ብዙ እንደነበር አውቃለሁ። ለምን እንደማይከፍት ግን አልጠየቅሁም። ለእኔ ያልተረጨ ክፍል ትንኝ የሚቀርበት ክፍል ነው፤ ከዚያ ያለፈ አላሰብኩም።

ባለቤቴ ሾርባ አቅርባ ጠበቀችኝ። ከጥቂት ማንኪያ በኋላ አስቀመጥኩት።

"ምነው?" አለች።

"የሥራ ነገር ነው። አይወራም።"

"አይወራም ካልክ ሊወራ ነው።"

የሰዎቹን ስም ትቼ የክቡን ነገር፣ በሱ ሰበብ ሰው መሞቱንና ገዳዩ ምሕረት መጠየቁን ነገርኳት። ባለቤቴ ነገር ቶሎ ይገባታል። ልብሴን ለሠላሳ ዓመት ያጠበችው እሷ ናት፤ ኪሴ በዚያ ወቅት ጠመኔ በጠመኔ እንደነበር እኔ ረስቼዋለሁ፣ እሷ አልረሳችም።

"አሁን ብትናገር የሞተው ይነሳል?"

"አይነሳም።"

"የጠየቀህ ሰው አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያስ ሾርባህን ጠጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሉህ።" ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ድስቱን ልትከድን ተነሳችና ተመልሳ ተቀመጠች። "ሰውዬው ሚስት አለው?"

"አለችው። ልጅም አለችው።"

"ሰላይ ነው ተብሏል?"

"ሊባል ነው።"

ማንኪያውን አንስታ በጨርቅ ጠረገችው።

"አንተ ሰውዬ" አለች በኋላ፣ "ቁጭ ብለህ እጅህን ብታወጣ ይቀልሃል። አዎ ብትል ያኛው ይፈታል። አይ ብትል ይቺኛዋ ደስ ይላታል። በሁለቱም አንተን የሚያነሳህ የለም።"

"የለም።"

"ስለዚህ ነው መሰለኝ ያልበላኸው" አለችና ሳህኑን አነሳች።

ስመለስ ዳኛዋ ብቻዋን ነበረች። የማውቀውን ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም፤ አውቶቡስ እንኳ ሲነሳ እጇን አላነሳችም።

"ይህን ለማለት ከዚህ ወንበር መነሳት አለብዎት" አለች። "የሚፈርድ አይመሰክርም። ከተነሱ ተመልሰው አይቀመጡም።"

"አውቃለሁ።"

"ሌላ የማያውቁት ልንገርዎት። እርስዎ ሲነሱ ሁለት እንቀራለን። ሁለት ሆነን ካልተስማማን ማመልከቻው ውድቅ ነው፤ ይግባኝ የለውም። አሁን ቁጭ ብለው አዎ ቢሉ ሰውዬው ይወጣል። ተነስተው ቢመሰክሩ፣ መምህሩን ካላሳመኑት እዚያው ይሞታል። ይህን አስበውበታል?"

አላሰብኩበትም ነበር። መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ጋራዡ ውስጥ አንድ መካኒክ አውቶቡስ ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ሌላው ቁልፍ ያቀብለዋል። የሚያቀብለው የተጠየቀውን ሳይሆን ያገኘውን ነው መሰለኝ፣ ከሥር ያለው ይመልስለታል።

ቁጭ ብዬ አዎ ብል ወረቀቱ ላይ የሚቀረው የአመልካቹ ቃል ነው። የእሱ ቃል ደግሞ ሟቹ ይቆጥረን ነበር ነው።

"እመሰክራለሁ" አልኩ።

ሁሉም ተጠሩ። ጠዋት አልቀመጥም ያለችው የሟቹ ሚስት አሁን ኋላ ተቀምጣለች። አመልካቹ ከእኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበር። የምስክር ወንበሩ አጭር ነው፤ አምስት ወር ከላይ ሆኜ ሳየው አላስተዋልኩትም። ቃለ መሐላ ፈጸምኩ። የሰኞውን ጠዋት እንዳለ ተናገርኩ። ክቡን ያዘዝኩት እኔ ነኝ አልኩ። ትልቅ ይሁን፣ ከመንገድ ይታይ ያልኩትም እኔ ነኝ አልኩ።

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ።

"ወንድሜ፣ አምስት ወር አብረን ተቀምጠናል። ይህን ጠዋት ለምን አላልከኝም?"

"በክቡ ምክንያት መሞቱን የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው።"

"እስከ ምሳ ድረስስ?"

"እስከ ምሳ ዝም ማለት እችል እንደሆነ ሳይ ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። ተቀብሎኝ ይሁን ታዝቦኝ አላወቅሁም።

"ቃል ነው" አለ። "የእሱም ቃል ነው፣ ያንተም ቃል ነው። ጠመኔ ደግሞ ዝናብ ያጥበዋል። የሚታይ ነገር አለህ?"

"የኤግዚቢት ዝርዝሩ ላይ ደብተር አንድ ይላል። የዕለት ደብተሩ ነው። በሩ ላይ የሳሉትን ደብተራቸውም ላይ እንዲስሉ አዝዤ ነበር።"

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ከምድር ቤት አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። የድሮው ፍርድ ቤት ማሸጊያ አልተነካም ነበር፤ ጉዳዩ ውንብድና ስለሆነ ደብተሩን ያነበበ የለም። ዳኛዋ በሁላችን ፊት ቆረጠችው። አንድ ጭምብል፣ ሁለት ጠመኔ፣ አንደኛው ግማሽ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ደብተር። መምህሩ ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበና በእርሳስ እየነካ ማንበብ ጀመረ። የቤት ቁጥር፣ የክፍል ብዛት፣ ቀን። አንዳንዱ አጠገብ ትንሽ ክብ።

ጠዋት የተመዘገቡትን የሦስቱን ቤቶች ቁጥር አስነበበ። ፈለገ። አንደኛው ክብ አለው። ሁለተኛው አለው። ሦስተኛውም አለው፤ ቀኑ ሰውዬው ከመሞቱ አራት ቀን በፊት ነው።

"ይህን ደብተር አይተኸው ታውቃለህ?" አለው አመልካቹን።

"አላውቅም። የነበረውም አይመስለኝም ነበር።"

መምህሩ አላቆመም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ክቦቹን ቆጠረ። የሂሳብ መምህር ነውና ሁለት ጊዜ ቆጠረ።

"አሥራ ዘጠኝ" አለ። "በሦስት ሳምንት፣ በአንድ ሰፈር።"

"የእነሱ ሦስቱ ናቸው" አልኩ። "የቀሩትን አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ስሞታ መጥቶልኝ ነበር። ይሄኛው አዲስ ሙሽሮች ናቸው፤ አልጋችን መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል ብለው አልከፈቱም። ይሄኛው አንዲት አሮጊት ዶሮ ያስቀመጡበት ነው። ሰላይ ቢሆን አሥራ ዘጠኝ ለምን ይስላል? የሥራው ነው የሳለው። ትርጉሙን አርባ ረጪ ያውቃል፣ ክቡን መንገደኛ ሁሉ ያያል፤ ወታደርም መንገድ አይደል የሚሄድበት።"

አመልካቹ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ጠዋት ያየሁት ፊት አልነበረም።

"እሱም ታዞ ነው እንዴ?" አለ።

ዳኛዋ ያለ ፈቃድ አትናገር አላለችውም።

"ታዞ ነው" አልኩ።

"በእርስዎ?"

"በእኔ።"

አየኝ። ምን እንዳሰበ ገምቻለሁ። ያኔ ቢያውቅ ድልድዩ ማዶ የሚጠበቀው ማን እንደነበር ሁለታችንም አውቀናል። አልተናገረውም። ወደ ፊቱ ዞሮ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገና እንደዚያው ቀረ። የሟቹን ሚስት አንድ ጊዜ ሊያያት አንገቱን መለስ አደረገ፤ መሐል ላይ ተወው።

ዳኛዋና መምህሩ ለምክክር ወጡ። እኛን ኮሪደር ላይ አስቀመጡን። ድምፃቸው ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። የሚበዛው የመምህሩ ድምፅ ነበር። ወታደሩ ሲጋራ አውጥቶ ለአመልካቹ ሰጠው። "ብስክሌት፣ ያዝ" አለው። አመልካቹ ተቀብሎ ሳያቀጣጥል ያዘው። አንድ ሰዓት ያህል ቆየን።

ውሳኔውን ያነበበችው ዳኛዋ ናት። ግድያው በትእዛዝ፣ ለፖለቲካ ዓላማ የተፈጸመ ሆኖ ስለተገኘ ምሕረት ተሰጥቶታል። ብስክሌቱን ማስቀረቱ ግን ከትእዛዙ ውጭ፣ ለራሱ ያደረገው ስለሆነ ምሕረቱ አይሸፍነውም። እንዲህ እንዲነጠል ያለው መምህሩ እንደሆነ ከአረፍተ ነገሩ ያስታውቃል። ለስርቆት ከፍተኛው ቅጣት አምስት ዓመት ነው፤ ሰውዬው አሥራ አራት ጨርሷል። ሐሙስ ይወጣል።

"ሰው መግደሉ ቀረለት፣ ብስክሌቱ ግን አልቀረለትም" አለ ወታደሩ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ። መምህሩ ሰምቶታል።

"አዎን" አለው። "ማንም ያላዘዘው እሱን ብቻ ነው።"

ዳኛዋ ቀጠለች። "ሟቹ ለማንም መረጃ ይሰጡ እንደነበር የሚያሳይ ነገር አልተገኘም።"

ከኋላ የሟቹ ሚስት ተነሳች።

"አልተገኘም ማለት ምን ማለት ነው? ደህና ቢፈለግ ይገኝ ነበር ነው?"

"እመቤት፣ የማናውቀውን መጻፍ አንችልም።"

"የምታውቁትን ጻፉ። አሁን እኚህ ሰውዬ ምለው ተናግረው የለም?"

ዳኛዋ ወደ መምህሩ አየች። መምህሩ እርሳሱን አስቀምጦ እስክሪብቶ አነሳ። እየተናገረ ጻፈው፤ ስለዚህ ሁላችንም ሰማነው። ሟቹ ምልክቱን የሚስሉት በሥራ አለቃቸው ትእዛዝ፣ ያልተረጩ ክፍሎችን ለማሳወቅ ብቻ ነበር። ምልክቱ የተሳለባቸው ቤቶች አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከዚያ የእኔን ሙሉ ስም፣ የሥራዬን ስም ጻፈበት። ፈርሞ ለዳኛዋ ሰጣት፤ ፈረመች። ማኅተም ተደረገበት።

የሟቹ ሚስት ግልባጭ እስኪሰጣት ቆመች። እኔም ቆምኩ፤ የምሄድበት ወንበር አልነበረኝም። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የእኔ ስም ጋ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈች። ከዚያ ወጣች። ተከተልኳት፤ ልትጠይቀኝ የምትፈልገው ነገር እንዳላት አካሄዷ ያሳይ ነበር። ደረጃው ላይ ቆመች።

"እርስዎ ቀብሩ ላይ ነበሩ" አለችኝ።

"ነበርኩ።"

"አስታወስኩዎት። ጥግ ላይ ቆመው ነበር።" ወረቀቱን አራት ላይ አጠፈችው። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አባባ። ክቡን የሚስለው ሌሎቹ ተመልሰው እንዲረጩ ነው ብለዋል።"

"አዎ።"

"ተመልሰው ረጩ?"

መዋሸት ይቻል ነበር። ጠይቃ የምታረጋግጥበት ሰው የላትም።

"አልተመለስንም" አልኩ። "መድኃኒቱ አለቀብን። የሚቀጥለው እስኪመጣ ወቅቱ አለፈ።"

"አንድም ቤት?"

"አንድም።"

ወደ ጋራዡ ዞረች። አውቶቡስ እየወጣ ነበር። ደረቷ ላይ ያለውን መርፌ ያገኘችው ያኔ ነው መሰለኝ፣ ነቅላ እጅጌዋ ጫፍ ላይ ሰካችው።

"ወረቀቱን ለልጄ አነብላታለሁ" አለች። "ይሄኛውን ግን አልነግራትም።"

"እሺ" አልኩ።

አውቶቡሱን ለመያዝ ፈጠን ብላ ወረደች።